ለሠርጉ ብዬ ዊንድሰር፣ ከአክስቴ ጋር በባዶ እግር

መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ የነገሥታት ሠርግ እወዳለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ልጄ “ደግሞ ጀመራት” ትላለች። ይሳቁ። ሰው ኳስ እያየ ግድግዳ እስኪነቃነቅ ይጮህ የለ? እኔ ደግሞ ዓይነ ርግብ ሳይ እንባዬ ይመጣል።

ሥራዬ ስፌት ነው። ለንደን ውስጥ ቀን ቀን አንድ ላውንደሪ ቤት የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ማታ ሳሎኔ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ሸማው ከሽሮ ሜዳ በሰው ሻንጣ ይመጣል፤ መቁረጡና መገጣጠሙ የኔ ነው። ስለዚህ ከኔ የታሪክ ትንታኔ አትጠብቁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው።

የምጽፈው ለንደን አቅራቢያ ስላለው የነገሥታቱ የዊንድሰር ቤተ መንግሥት ጉብኝት ነው። “ልዑል ሃሪና ሜጋን የተጋቡበትን ማየት እፈልጋለሁ፣ ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?” የሚሉኝ ደንበኞች በዙ። አንዴ ጽፌ ልገላገል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን ደጅ የቆምኩበት ቀን አለ። ከሱ ካልጀመርኩ ሌላው አይገባችሁም።

የሠርጉ ቀን ቅዳሜ ሜይ 19 ቀን 2018 ነበር፤ በኛ ግንቦት 11 ቀን 2010። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳው ቀን ገና አላለቀም። ፆም የለም፣ ሐበሻ ሁሉ ይዳራል። ጠረጴዛዬ ላይ የሦስት ሙሽሮች ቀሚስ ተቆልሎ ነበር። አንደኛዋ እንዲያውም በሳምንቱ ነበር የምታገባው። ሁሉንም በአንሶላ ሸፍኜ ሌሊት ተነሥቼ ወጣሁ። ባለቤቴ አልመጣም። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ነበር፤ እሱ የማንችስተር ዩናይትድ ሰው ነው። ቼልሲ 1 ለ 0 አሸነፈ። ማታ እኔ ፊቴ በፀሐይ ቀልቶ፣ የደስ ደስ ብሎኝ ስገባ፣ እሱ አኩርፎ ጠበቀኝ።

ዊንድሰር ስደርስ ሰዎች ሎንግ ዎክ ዳር አድረዋል። ሎንግ ዎክ ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ሐውልት ድረስ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ግራ ቀኙ ዛፍ የሆነ፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው። ትልልቅ ስክሪን ተተክሏል። እኔ አጥሩን ተደግፌ አንድ ቦታ ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም። ቦታውን እንዳልነጠቅ።

ሥርዓቱ እኩለ ቀን ላይ፣ በኛ 6 ሰዓት ጀመረ። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 600 እንግዳ አለ። ፊልም ላይ የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይገባሉ። ጎኔ ያሉት ሴቶች ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ሙሽራዋ ደረጃውን ስትወጣ ዓይነ ርግቧ ከኋላ አልቆ አላልቅ አለ። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ጫፉን ይዘዋል። የአንደኛው ጥርስ ገና አልበቀለም፤ አፉን ከፍቶ ጣሪያውን ያያል። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ የማልረሳው አንዱ ያ አፍ ነው።

ሌላው የሙሽራዋ እናት ናት። ሰው ስለ ልብሱና ስለ ዘውዱ ያወራል። እኔን የያዘችኝ ዶሪያ ራግላንድ ናት። ፈዛዛ አረንጓዴ ለብሳ፣ ወንበሯ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። አባትየው ታሞ አልመጣም። ከሙሽራዋ ዘመድ እዚያ ፊት ለፊት የምትታየው እሷ ብቻ ናት። ከማዶ ያ ሁሉ ንጉሣዊ ቤተሰብ በተርታ ተደርድሯል። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ግን ቀና ብላ ነው የተቀመጠችው።

እኔ ይህን ሠርግ አውቀዋለሁ። እዚህ አገር የሙሽራዋ ወገን አንድ ጠረጴዛ የማይሞላበት ስንት ሠርግ አይቻለሁ። ወላጅ ቪዛ ይከለከላል። ልጅቷ እኔ ጋ ቀሚስ ልትለካ ስትመጣ ስልኳን መስታወቴ ላይ ታስደግፋለች። “እማዬ፣ ይታይሻል? ዞር ልበል?” ትላለች። እናት ከደሴ ወይም ከጎንደር ሆና፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ “ወገቡ አልጠበበም ወይ?” ትላለች። እኔ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው የማለቅሰው። ስለዚህ ዶሪያን ሳይ ምን እንደሆንኩ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የሙሽራዋ አማት ልዑል ቻርልስ ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ላይ ጠብቀው ሙሽራዋን ተቀብለው ወደ ፊት ሲወስዷት ደግሞ አጥሩ ዳር ያለነው ሁላችንም ዝም አልን።

ስብከቱን ያደረጉት ማይክል ከሪ የሚባሉ አሜሪካዊ ጳጳስ ናቸው። 14 ደቂቃ ገደማ ሰበኩ። በማግሥቱ ጋዜጣው ሁሉ “ረዘመ” አለ። ረዘመ! የኛ ሰባኪ በ14 ደቂቃ ሰላምታውንም አይጨርስ። ከዚያ ኪንግደም ኳየር የሚባለው፣ ካረን ጊብሰን የምትመራው የጥቁሮች መዘምራን ተነሡ። ድምፃቸው ከስክሪኑ ወጥቶ ዛፉን ሁሉ ሞላው። ግንቦት 11 የቅዱስ ያሬድ ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለጎረቤቴ ልነግራት ፈለግሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝና ተውኩት።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ክፍቱ ሰረገላ ወጣ። የከተማውን ዙሪያ በ25 ደቂቃ ገደማ ነው የሚጨርሰው። እኔ ፊት የቆየው ግን ዐሥር ሴኮንድ አይሞላም። ግራጫዎቹ ፈረሶች፣ የሷ እጅ፣ የሱ ጺም፣ አለቀ። ያን ጊዜ ሳላስበው እልል አልኩ። የዘለቀ፣ የልብ እልልታ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ። ጎኔ የነበረች አሮጊት እንግሊዛዊት ክንዴን ያዝ አድርጋ “እባክሽ ድገሚው” አለችኝ። ደገምኩላት።

በዚያው ቀን ከተማው ውስጥ ከአንድ ሱቅ የሁለቱ ፎቶ ያለበት ኩባያ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ በአራተኛው ሙሽራው ጠፋ። አሁን ሜጋን ብቻዋን ትስቃለች። ኩባያ መግዛት ከፈለጋችሁ በእጅ እጠቡት።

ወደ ጉብኝቱ ልምጣ።

መጀመሪያ የገባሁት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የሠርጉ ልብስ ከኦክቶበር 26 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 6 ቀን 2019 እዚያው ዊንድሰር ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ልብሱ ከዚያ በኋላ ለበጋው ስኮትላንድ ሄዶ ኤደንብራ ታየ። አሁን የለም። ይህን አስምሩበት። ዛሬ ዊንድሰር ብትሄዱ ቀሚሱን አታገኙትም። ግን እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቀሚሱን የሠራችው ክሌር ዌይት ኬለር ናት፤ ያኔ የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት የዢቫንሺ ዲዛይነር ነበረች። ከሩቅ ስታዩት ምንም የለውም። ዶቃ የለም፣ ዳንቴል የለም፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። አንገቱ ከትከሻ እስከ ትከሻ ጠፍጣፋ ተከፍቷል። እጅጌው ከክርን ትንሽ አልፎ ይቆማል። ስፌቱ ስድስት ብቻ ነው። ስድስት! እኔ የአንድ የሐበሻ ቀሚስ ጀርባ ብቻ ላይ ከዚያ በላይ አስገባለሁ። ስፌት ሲያንስ ስሕተት የሚደበቅበት ቦታም ያንሳል። ጥልፍ ጥፋት ይሸፍናል፣ ዶቃም ይሸፍናል። ነጭ ሐር ላይ ስድስት መስመር ግን ምንም አይሸፍንም። ሃያ ደቂቃ ያህል ስዞረው ቆየሁ። አንዲት ሠራተኛ “ሰፊ ነሽ አይደል?” አለችኝ። እንዴት አወቀች? አንገቴን አጥፌ የማየው የቀሚሱን ታች እንጂ ፊቱን ስላልሆነ ነው መሰለኝ።

ሐሜትም ይኖረኛል። እጅጌው ትንሽ ሰፍቶባታል። ወገቧም ላይ አንድ ጣት ያህል መጥበብ ነበረበት። ይህ የሰፊዋ ጥፋት አይመስለኝም። ሙሽራ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ትከሳለች። ስንቷን ቅዳሜ ጠዋት እቤቷ ሄጄ በመርፌ አጥብቤያታለሁ።

ዓይነ ርግቡ ግን እንከን የለውም። 5 ሜትር ነው። ዙሪያውን ጠርዙ ላይ የ53ቱ የኮመንዌልዝ አገሮች አበባዎች በእጅ ተጠልፈዋል፤ ኮመንዌልዝ የሚባለው አብዛኞቹ እንግሊዝ ትገዛቸው የነበሩ አገሮች ማኅበር ነው። የኛ ጥለት ጠርዝ ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ ይሄም ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፤ መሐሉ ባዶ ነው። ፊት ለፊት የስንዴ ዛላ አለበት። የካሊፎርኒያ አበባም ለትውልድ ቦታዋ ገብቶላታል። እኔ ሞኟ አደይ አበባ ፈልጌ አጣሁ። የኬንያ አለ፣ የሩዋንዳ አለ። ከዚያ ነው የገባኝ፤ እኛ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለንም። ባለመገዛታችን ደስ ብሎኝ፣ በአበባው ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚያ ወስጄ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ጥልፉን የጠለፉት ሴቶች ክሩና ቱል የሚባለው ስሱ ጨርቅ እንዳይቆሽሽ በየ30 ደቂቃው እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ነጭ ፈትል በወጥ እጅ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል። አሁን እኔም ስልኬ ላይ ደወል ሞልቻለሁ። ሲጮህ ተነሥቼ እታጠባለሁ። ልጄ “ሜጋን ደወለች” ትላለች።

ዘውዱን ብዙም አላየሁትም። የሜሪ የምትባለው ንግሥት የአልማዝ ዘውድ ነው፣ በ1932 የተሠራ፣ ከንግሥቲቱ በውሰት የመጣ። ያምራል። አልማዝ ማን ይጠላል?

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት አንዲት ሙሽራ ፎቶ ይዛ መጣች። “የሐበሻ ቀሚስ ሆኖ ልክ እንደ ሜጋን” አለች። እሺ አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነው። የሸማኔ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ቦታ ሳይጋጠም ቀሚስ አይወጣውም። ስድስት ስፌት የሚባለው እዚያው ቀረ። አንገቱን ከትከሻ እስከ ትከሻ ስከፍተው ደግሞ ፈትሉ ለስላሳ ስለሆነ እየተንሸራተተ ጡት ላይ መጣ። ከውስጥ ጠንካራ ጨርቅ አስገባሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አስገባሁ። በሦስተኛው ቆመልኝ። ልጅቷ ለብሳው ስትወጣ ደስ አላት። ደስ ያላላት እናቷ ናት። “ጥበቡ የታለ? አንገት ላይ መስቀሉ የታለ?” አለች። እውነቷን ነው። እንደ ሜጋን ማለት ባዶ ማለት ነው፤ የሐበሻ እናት ባዶ አንገት አትወድም። በመጨረሻ ጠርዙ ላይ ቀጭን የወርቅ ክር ጥልፍ ጨምሬ አስታረቅኋቸው።

ሁለተኛው ጉብኝት ባለፈው ዓመት ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። “ምን ልታይ ትፈልጊያለሽ እትዬ?” ብላት ያለ ማመንታት “የንግሥቲቱን ቤት” አለች። አክስቴ ንግሥት ኤልሳቤጥን አይታታለች። በ1957 ዓ.ም. ጥር ላይ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ስትመጣ እትዬ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች። ባንዲራ አስይዘው መንገድ ዳር አሰልፈዋቸው፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመው፣ መኪናው ሽው ብሎ አለፈ። “እጇን አየሁት፣ ጓንት ነበረው” ትላለች። እሷ ጓንት፣ እኔ ዓይነ ርግብ። በዘር ነው መሰለኝ።

ለናንተ የሚጠቅመውን በአጭሩ ልበል። ትኬቱ ለአንድ አዋቂ ከ30 ፓውንድ በላይ ነው፤ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ስትገዙ ይቀንሳል። ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው። ሠርጉ የተደረገበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ለጸሎት ብቻ ነው። ስለዚህ ለሠርጉ ብላችሁ ከሆነ እሑድ እንዳትሄዱ። ትልቅ ሰው ከያዛችሁ ከፓዲንግተን ተነሥታችሁ ስላው ላይ ቀይሩ። ከስላው 6 ደቂቃ ናት፤ ስትወርዱ ግንቡ ፊታችሁ ነው። ከዋተርሉ ያለው ባቡር ሳይቀየር ይደርሳል፣ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከጣቢያው በኋላም ዳገት አለ። መግቢያው ላይ ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአክስቴን ቦርሳ ሲከፍቱት ቆሎ፣ መቁጠሪያና የጠበል ጠርሙስ ወጣ። ፈታሹ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። “ውሃ ነው” አልኩት። እትዬ “ውሃ ነው አትበይው” ብላ ተቆጣችኝ።

ጆሮ ላይ የሚደረገው አስጎብኚ መሣሪያ ከትኬቱ ጋር በነፃ ይሰጣል። አማርኛ የለውም። ስለዚህ ሰምቼ መተርጎም የኔ ሥራ ሆነ። በየመሐሉ ደግሞ ከሂትሮው የሚነሣው አውሮፕላን ከራሳችን በላይ ያገሳል። ዊልያም ድል አድራጊው ከ950 ዓመት ገደማ በፊት ግንቡን ሲያሠራ ይሄን አላሰበም።

የቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ያምራሉ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ከዐሥረኛው በኋላ ወርቅ ወርቅ መሆኑ ይቀራል። ልቆምበት የወደድኩት የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1992 በእሳት ጣሪያው ወርዶ ነበር። ቀኑ ለንግሥቲቱና ለባለቤቷ 45ኛው የጋብቻ በዓላቸው ነበር። ልክ በ5 ዓመቱ ጠግነው ጨረሱት። የተጠገነ መሆኑን ካልነገሯችሁ አታውቁትም። መጠገን ስለምወድ ይሆናል፣ ከአሮጌው ይልቅ አዲሱን ጣሪያ አብልጬ አየሁት።

አክስቴ የወደደችው ግን የንግሥት ሜሪን የአሻንጉሊት ቤት ነው። በ1920ዎቹ የተሠራ፣ ሁሉ ነገሩ ከእውነተኛው በ12 እጅ ያነሰ። መብራት አለው። ቧንቧው ውሃ ያወርዳል። ሽንት ቤቱ ሳይቀር ይሠራል። እትዬ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አየች። “ለአሻንጉሊት ውሃ አለ?” አለች። “አለ።” “ሃያ አራት ሰዓት?” “እንጃ።” “እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው” ብላ ወጣች።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድን። ልቤ የሚመታው ለዚህ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ዞር ብል እትዬ የለችም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነው። “እትዬ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም” አልኳት። “ጊዮርጊስ አይደለም ወይ?” “ነው።” “ታዲያ?” መልስ አጣሁ። የበሩ አስተናጋጅ መጣ። ይቆጣል ብዬ ሳስብ ሰውዬው ጎንበስ አለና ድንጋዩ እንደሚቀዘቅዝ ነገራት። ተረጎምኩላት። “አራዳ ጊዮርጊስም ይቀዘቅዛል በይው” አለች። ሳቀና አስገባን። እሷ ጫማዋን በፌስታል ይዛ በካልሲ፣ እኔም አፍሬ ጫማዬን አውልቄ፣ ሁለታችን የነገሥታቱን ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግር ዞርነው። ለሰው ሁሉ የምመክረው አይደለም። ግን ሜጋን የረገጠችውን ድንጋይ እግሬ ያውቀዋል።

ግንባታው በ1475 ተጀምሮ በ1528 ነው ያለቀው። ጣሪያው ድንጋይ ነው፤ ስታዩት ግን የተጠለፈ እንጂ የተፈለጠ አይመስልም። ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። እኔ ደብተር ይዤ ስለነበር የጣሪያውን ዙር በእርሳስ ነደፍኩት፤ አንድ ቀን ደረት ላይ አወጣዋለሁ። ቻርልስ ሙሽራዋን የተቀበሉበት መተላለፊያ ላይ ቆምኩ። ዶሪያ ተቀምጣበት የነበረውን አካባቢ ፈለግሁ። ስለ ሠርጉ የተጻፈ ብዙ ነገር አላየሁም። ምን ይጽፋሉ? ሙሽሮቹ ከ2020 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ናቸው። እዚህ ደግሞ ስንት የነገሥታት ልጅ ተድሯል። በ1863 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ሲዳር እናቲቱ በባሏ ሐዘን ጥቁር ለብሳ፣ ከላይ በመስኮት ሆና ነው ያየችው። ያን መስኮት አሳየኋት። እትዬ “ለልጇ ሠርግ እንኳ አልወረደችም?” ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ንግሥት ኤልሳቤጥ ከባሏና ከወላጆቿ ጋር የተቀበረችበት ትንሽ ክፍል አለ። ጥቁር ድንጋይ ላይ ስማቸውና ዓመታቸው ብቻ ተጽፏል። እትዬ “ጓንቷን አይቼው ነበር” አለች፣ ለመቃብሩ ነው የነገረችው። ነፍስ ይማር ብላ አለፈች። ጃንሆይም በፈረንጅ 1954 ጋርተር የሚባለውን የዚህን ቤት ከፍተኛ የክብር ኒሻን ተሸልመው ነበር ብላት ደስ አላት።

ከዚያ ልዑል ዓለማየሁን አገኘነው። መኖሩን አውቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ጉብኝቴ ግን ቀሚሱ አስክሮኝ ሳልፈልገው ወጣሁ። አሁንም አፍራለሁ። የቴዎድሮስ ልጅ፣ በ1868 ከመቅደላ ሲወስዱት 7 ዓመት ገደማ የነበረው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። እሱ በ1879 ሊድስ ውስጥ ሳንባውን ታሞ በ18 ዓመቱ ሞተ። አጽሙ ከግድግዳው ውጭ ከመሬት በታች ነው፤ ውስጥ ያለው የናስ ሰሌዳ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለአክስቴ አነበብኩላት።

“‘እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል’ ይላል።”

ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳል። “ቀብራችሁኛል?” አለችኝ።

“ተቀብላችሁኛል ነው እትዬ። የማቴዎስ ወንጌል ነው።”

ትንሽ ዝም አለች። “ሁለቱንም አድርገዋል” አለች።

ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ጥለቱ አንገቷ ዘንድ መጣ። እንደ ለቅሶ ቤት። አቡነ ዘበሰማያት ደገመች። ከኋላችን አንድ የቱሪስት ቡድን ይገፋን ነበር፤ ሲያዩዋት ቆሙ። በ2023 አጽሙ ይመለስልን ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብለው እንደመለሱ አልነገርኳትም። የነገርኳት ባቡር ላይ ነው። እስከ ስላው አላናገረችኝም።

ታዲያ ያዋጣል ወይ? ለሠርጉ ብቻ ብላችሁ ከሆነ፣ አያዋጣም ባይ ነኝ። ሠርጉ እዚያ የለም። ሎንግ ዎክን በነፃ ሂዱበት፣ ሣር ላይ ቁጭ ብላችሁ ምሳችሁን ብሉ፤ ከውጭ የሚታየው ግንብ ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ አመሻሹ ላይ ያለው የመዝሙር ጸሎት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ትኬት አይጠየቅበትም። ለማየት ሳይሆን ለመጸለይ እንደሚገባ ሰው ግቡ እንጂ። ጠቅላላውን ቀን መስጠት ለምትችሉ ግን እኔ ትኬቱን ግዙ እላለሁ። ለጣሪያው፣ ለአሻንጉሊቱ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለልጁ። አንድ ሐበሻ ቢያንስ በስሙ ጠርቶት ይውጣ። ጫማችሁ ታኮ አይኑረው፤ መንገዱ ድንጋይ ነው።

አንድ የመጨረሻ ጥቅም። ትኬቱን ከራሳቸው ከቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ከገዛችሁት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቃችሁ የአንድ ዓመት መግቢያ ልታስደርጉት ትችላላችሁ። ተጨማሪ ክፍያ የለውም። የኔንም የአክስቴንም አስደረግሁ። ስም ስለሚጻፍበት ለሌላ ሰው አይሆንም። የሷ መሳቢያዬ ውስጥ ከሜትሬና ከመቀሴ ጋር አለ። ስትደውል ስለ ሜጋን አትጠይቅም፤ “ያን ልጅ ሄደሽ አየሽው?” ነው የምትለኝ። ቪዛዋ አልቋል። ትኬቷ ገና አራት ወር ይቀረዋል።